ውጭ የምትልኩት ተማሪ ማሽን ብቻ ሳይሆን ሰውም አይቶ ይመለስ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለትምህርት ሚኒስቴር እና ለጤና ሳይንስ ኮሌጆች ኃላፊዎች

ክቡራንና ክቡራት፣

በየዓመቱ ሐኪሞችን፣ ነርሶችን፣ አዋላጆችንና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎችን ለትምህርት ወደ ውጭ ትልካላችሁ። አንዳንዱ በመንግሥት ስምምነት ይሄዳል። አንዳንዱ ራሱ ተሯሩጦ ያገኘውን ስኮላርሽፕ ይዞ የእናንተን ፊርማና ማኅተም ይጠይቃል። ሲመለሱ ሁሉም የሚጠየቁት ያው አንድ ነገር ነው፤ ዲግሪ። ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ተማርክ? የትኛውን ማሽን መጠቀም ቻልሽ? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። የሰለጠነ እጅ ያስፈልገናል። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ሌላ ጥያቄ እንድትጨምሩበት ልለምናችሁ ነው። እዚያ አገር ሰው እንዴት ይታመማል? እንዴት ይድናል? ሐኪሙ ከእሱ የተለየ ባህል ያለው በሽተኛ ሲመጣበት ምን ያደርጋል? የምትልኩት ሰው ይህንንም አይቶ እንዲመጣ ጊዜ ይመደብለት፣ ስምምነቱ ላይ ይጻፍ፣ ሲመለስም ይጠየቅበት።

የኅብረተሰብ ጤና መምህር ነኝ። ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያ ውስጥ ጤና መኮንን ሆኜ ሠርቻለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ሰሜን ስዊድን ነው። (ዓመት ስጠቅስ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።)

ስዊድን በክረምት ካፌ ደጃፍ ላይ የሕፃን ጋሪ ቆሞ ታያላችሁ። ውስጡ ሕፃን ተኝቷል። ውጭው በረዶ ነው። እናትየው ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት እያየችው ቡናዋን ትጠጣለች። እኛ አገር ብታደርገው ጎረቤት ሁሉ ይጮህባታል፤ ልጁን ብርድ ሊያስመታው ነው ተብሎ። እዚያ ግን አያትየዋም ነርሷም ንጹሕ አየር ለሕፃን ጥሩ ነው፣ ደህና እንቅልፍ ይሰጠዋል ብለው ያምናሉ። በጥሩ ሱፍ ተጠቅልሎ ነው የሚተኛው። ማንም እናትየዋን አይቆጣም።

ይህን ያየ የጤና ባለሙያ ስለ ባህል ያለው አስተሳሰብ ይለወጣል። ባህል ያላት ገጠር ያለችው እናት ብቻ እንዳልሆነች ይገባዋል። ነርሷም ባህል አላት። ሐኪሙም አለው። ሆስፒታሉ ራሱ ባህል አለው፤ ማን ይገባል፣ ማን ውጭ ይቆማል፣ ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል። ትምህርት ቤት እኛ ስለ ባህልና ጤና የተማርነው በአንድ ምዕራፍ ነው፤ "ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች" በሚለው። ግርዛት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ። ጎጂነታቸው አያከራክርም፤ ልጆች ሲሞቱባቸው አይተናል። ችግሩ ምዕራፉ እዚያ ላይ ማለቁ ነው። ተመራቂው ባህል ማለት የሚታገሉት ነገር ነው ብሎ ወደ ሥራ ይወጣል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ተቀምጦ እናቶችን ይቆጣል።

እዚያው ስዊድን ያየሁትን አንድ ቀጠሮ ልንገራችሁ። አንዲት የአገሬ ልጅ ወልዳ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ለክትትል ስትሄድ አብሬያት እንድገባ ጠየቀችኝ። በስዊድን በሽተኛው ቋንቋውን ካልቻለ አስተርጓሚ ማቅረብ የጤና ተቋሙ ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ አስተርጓሚው በስልክ ነው። አዋላጇ ስልኩን ጠረጴዛው መሀል ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። ከዚያ የተለመደውን ምክር ጀመረች። በየቀኑ ትንሽ ውጪ። ተራመጂ። ሕፃኑንም ይዘሽው ውጪ።

ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች። "እሺ" አለች። ፊቷ ግን ጨልሟል። አዋላጇ "እሺ" ማለቷን ሰምታ ወደሚቀጥለው መስመር ማለፍ ትችል ነበር። አላለፈችም። ብዕሯን አስቀመጠችና "አገርሽ ብትሆኚ ኖሮ እናትሽ አሁን ምን ታደርግልሽ ነበር?" ብላ ጠየቀቻት።

ያን ጊዜ ልጅቷ ማውራት ጀመረች። አራስ ብቻዋን እንደማትተው። በሩ ዝግ ሆኖ ቤቱ ሞቅ ብሎ እንደሚቆይ። ገንፎው መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ተደርጎበት እንደሚቀርብ። አጥሚቱ፣ አብሹ። የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ እየገቡ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እንደሚሏት። እዚህ ግን ባሏ ሥራ ሲሄድ እስከ ማታ ሰው እንደማታይ። እዚህ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። በስልክ የምታስተረጉመው ሴትዮም ድምፅዋ ተቆረጠ።

አዋላጇ የተናገረችውን አልሻረችም። ከወሊድ በኋላ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ስለሚችል መንቀሳቀስ እንደሚያስፈልግ ምክንያቱን አስረዳቻት። ግን ቤት ውስጥ መራመድ እንደሚቻል ተስማሙ። ወደ ውጭ መውጣቱ ብርዱ ሲለዝብ ይሁን ተባለ። ገንፎሽን ብዪ፣ ውኃም ጠጪበት አለቻት። ከሁሉ በላይ ብቸኝነቷን ጻፈችው። በቀጣዩ ሳምንት ነርስ ቤቷ እንድትሄድ አደረገች፤ ለእኔም ሌሎች ሐበሻ እናቶችን የማውቅ ከሆነ እንዳገናኛት ነገረችኝ። ቀጠሮው ከሌላው ቀጠሮ ብዙም አልረዘመም። ማሽን አልተነካም። መድኃኒት አልታዘዘም። እኔ ግን በዚያች ክፍል የተማርኩት በብዙ ሌክቸር አላገኘሁትም።

አገር ቤትም ይህን እናውቀዋለን። ያውም በቁጥር እናውቀዋለን። በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 26 ወጣ። በ2019 ደግሞ 48 ደረሰ። አምቡላንሱ ረድቷል። ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ረድተዋል። ነገር ግን እናቶች ለምን አይመጡም ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የመንገድ ርቀት ብቻ አልነበረም። ጤና ተቋም ውስጥ እናትየዋን በጀርባዋ ብረት አልጋ ላይ አስተኝተው፣ እግሯን ከፍተው፣ ወጣት ወንዶች ፊት ያደርጓታል። ቤቷ ብትሆን ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ፣ ሰው ደግፏት ነው የምትወልደው። እናቷ ውጭ ቁሚ ትባላለች። "ማርያም ማርያም" የሚልላት የለም። ገንፎም የለም።

ይህን ሰምታችሁ ነው የእናቶች ማቆያ፣ ነፍሰ ጡሯ መውለጃዋ እስኪደርስ በጤና ተቋሙ አጠገብ የምትቆይበት ቤት፣ እንዲስፋፋ ያደረጋችሁት። ማቆያው ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 ጀምሮታል። በየጤና ጣቢያው ገንፎ ተገነፋ፣ ቡና ተፈላ። አንዳንድ ቦታ እናትየው እንደፈለገች ሆና እንድትወልድ፣ ቤተሰቧም አብሯት እንዲገባ ተፈቀደ። ለእኔ ይህ በዘመናችን ከተሠሩት የጤና ሥራዎች ሁሉ የምኮራበት ነው። ያውም ወጪው ዱቄትና ቅቤ ነበር።

"ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ" የሚለውንም ዕቅዳችሁ ውስጥ አስገባችሁ። በየሆስፒታሉ ግድግዳ ተለጥፏል። ግን አክባሪ ሁኑ ብሎ መንገር አንድ ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚከበር ማሠልጠን ሌላ ነው። ያቺ አዋላጅ ያደረገችው ደግ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ተምራው ነው። መጠየቅ ሙያ ነው፤ እንደ መርፌ መውጋት ሰው እያየ፣ እየተሳሳተ፣ እየታረመ የሚለምደው ሙያ።

በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚነሳ ሰዎች አንዱ የሃርቫርዱ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት (የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠና ምሁር) አርተር ክላይንማን ነው። በ1969 ወጣት ሐኪም ሆኖ ታይዋን ሄደ። እዚያ በሽተኞች ወደ እሱ ከመምጣታቸው በፊትም በኋላም ወደ ባህል ሐኪም፣ ወደ ቤተ መቅደስ እንደሚሄዱ አየ። ከዚያ ልምድ በ1970ዎቹ ለሐኪሞች የሚሆኑ ቀላል ጥያቄዎችን አወጣ። ሕመምዎን ምን ይሉታል? ምን ያመጣው ይመስልዎታል? ለምን አሁን ጀመረ? ከሁሉ በላይ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው? ከሕክምናው ምን ይጠብቃሉ? ዛሬ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ከ2013 ጀምሮ ይህን የመሰሉ 16 ጥያቄዎች አሉት። ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ይህን ያገኘው ቤቱ ቁጭ ብሎ አይደለም። ሰው አገር ሄዶ ነው።

ለምን ውጭ መሄድ ያስፈልጋል ለሚለኝ መልሴ እዚህ ላይ ነው። አገሩ ያለ ሐኪም ባለቤት ነው። ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። ቋንቋውን ይችላል፤ ነጭ ጋውን ለብሷል፤ በሽተኛው ይፈራዋል፤ የሚጠይቀው የለም። ሰው አገር ሲሄድ ግን እንግዳ ይሆናል። ራሱ ሲያመው ምን ብሎ እንደሚናገር ይቸግረዋል። ነርሷ ለምን እንደሳቀች፣ ሐኪሙ ለምን ዓይን ዓይኑን እንደሚያየው አይገባውም። ከአፋር ወይም ከቦረና የመጣች እናት አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰማትን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ላይ ያየዋል።

ከእኛ ልጆችም ይህን መንገድ የሄዱ አሉ። የውብዳር በየነ በሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩ የሕክምና አንትሮፖሎጂ ምሁር ናቸው። ሜክሲኮ ውስጥ ዩካታን ገብተው፣ ማያ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የሆኑ ገበሬ ሴቶች የወር አበባቸው በዕድሜ ሲቋረጥ ምን እንደሚሰማቸው አጠኑ። ምዕራባውያን ሐኪሞች የትም ያለች ሴት የምታየው ነው ይሉት የነበረውን የሰውነት ትኩሳትና ላብ የማያ ሴቶች አናውቀውም አሏቸው። የግሪክ ገበሬ ሴቶች ደግሞ ያውቁታል፤ ግን በሽታ አይሉትም፣ ሐኪም ዘንድም አይሄዱበትም። እንዲህ ያለውን ለዓለም ያሳየች ኢትዮጵያዊት ናት። ስንት የጤና ተማሪያችን ስሟን ሰምቶ ያውቃል?

እኚሁ ምሁር በ1992 ስለ መጥፎ ዜና ጽፈዋል። አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከባድ በሽታ ሲገኝባቸው ሐኪሙ በቀጥታ ለራሳቸው ይነግራቸዋል። የእነሱ ሕግና ሥነ ምግባር እንዲህ ነው የሚለው፤ ገላው የእሱ ነው፣ ዜናውም የእሱ ነው። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ነገር አስቀድሞ ለቅርብ ሰው ነው የሚነገረው። መርዶ እንዴት እንደምንነግር አስቡት። ሽማግሌ ይመረጣል። ጎረቤት ይሰበሰባል። ማለዳ ይኬዳል። ሰውየው ሲሰማ ብቻውን እንዳይሆን፣ የሚይዘው እጅ አጠገቡ እንዲኖር ነው። ይህ ሥርዓት የጤና ዕውቀት ነው። ድንጋጤ ሰውን እንደሚጎዳ አባቶቻችን ያውቁ ነበር፤ መከላከያውንም አበጅተውለታል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከፍቷል። አሜሪካ ከ2021 ወዲህ በወጣው ደንብ የምርመራ ውጤት ሳይዘገይ ለበሽተኛው ክፍት መሆን አለበት። አንዲት የሐበሻ እናት ሌሊት ሥራ ላይ እያለች የካንሰር ምርመራዋ ውጤት ስልኳ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ሐኪሟ እንኳ ሳያየው። እኛ ሆስፒታሎች ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ፤ ልጆቿ ሁሉ ያውቃሉ፣ እሷ ብቻ ሳታውቅ ትሞታለች። ስለ ኑዛዜዋ፣ ስለ ንስሐዋ፣ የት መሞት እንደምትፈልግ ሳትናገር። ሁለቱም ልክ አይመስለኝም። መሀል መንገዱን የሚያገኘው ሁለቱንም ያየ ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ተማሪ ስትልኩ የእኛ ሰዎች በሽተኛ ሆነው ወደሚታከሙበት ቦታ ላኩልን። ሲያትል ያለው ሃርበርቪው ሆስፒታል ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1990ዎቹ ከአፍሪካ ቀንድና ከካምቦዲያ የመጡ ቤተሰቦች ሲበዙበት የማስተርጎምን ሥራ አሰፋው። ከየማኅበረሰቡ ሰው ቀጠረ። እነዚህ ሰዎች ቃል ብቻ አያስተረጉሙም፤ ቤት ድረስ ይሄዳሉ፣ ሐኪሙን ስለ ቤተሰቡ ያስረዳሉ፣ ቤተሰቡን ስለ ሆስፒታሉ ያስረዳሉ። ሐኪሞቹ እንዲያነቡት ደግሞ በ1994 ኤትኖሜድ የሚባል የመረጃ ማዕከል ተከፈተ፤ የእኛም ማኅበረሰቦች አሉበት። አንድ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ለአንድ ወር ከእነዚያ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኞች ጎን ተቀምጦ ቢመለስ፣ የጥቁር አንበሳን ተመላላሽ ክፍል በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

እስራኤልም መታየት አለበት፤ ከጥሩውም ከመጥፎውም የሚወሰድ አለ። በ1984 እና 85፣ ከዚያም በ1991 ቤተ እስራኤላውያን በሺዎች ሲገቡ ብዙዎቹ ስኳር በሽታ የሚባል ነገር እምብዛም የማያውቁ ገበሬዎች ነበሩ። ምግቡ ወደ ነጭ ዱቄትና ጣፋጭ ተለወጠ፤ እርሻውና የእግር መንገዱ ቀረ፤ በዓመታት ውስጥ ስኳር በሽታ በመካከላቸው ተስፋፋ። ምክሩ በማያውቁት ቋንቋና በማያውቁት ምግብ ስለነበር አልሠራም። በ1998 ጤና ብሪኡት የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ ከማኅበረሰቡ የወጡ ሰዎች በአማርኛ፣ በራሳቸው ማዕድ ምሳሌ እንዲያስተምሩ ተደረገ። ከዚያ በፊት ግን ከባድ ቁስል ነበር። የለገሱት ደም በኤች አይ ቪ ፍርሃት በድብቅ ሲጣል መቆየቱ በጥር 1996 ታወቀና በሺዎች ኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ደም መስጠት ለእነዚያ ወጣቶች የዚያ አገር ልጅ መሆናቸውን የሚያሳዩበት ነበር። አንድ የጤና ተቋም ሰውን ሳያናግር የሚወስደው ውሳኔ ምን እንደሚያፈርስ ለመማር ከዚህ የበለጠ ታሪክ አላውቅም።

ትምህርቱ ሀብታም አገር ብቻ አይደለም ያለው። ኩባ ከ1984 ጀምሮ ሐኪምና ነርስ እዚያው በሚያገለግሉት ሰፈር እንዲኖሩ አድርጋለች፤ አንድ ሐኪም ወደ 120 ቤተሰብ ይይዝ ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን እዚያ ተምረዋል፤ ሐኪም ሆነው የተመለሱም አሉ። ዛሬም በመካከላችን ናቸው። ጠርታችሁ ጠይቋቸው።

አሁን ስለ መመለሱ። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ውጭ የታየው ነገር ዋጋ የሚኖረው እዚህ ሲሠራበት ነው፤ እዚህ ደግሞ ማንም ከውጭ መጥቶ የማይመልስልን ጥያቄ ሞልቷል። አንዱን ልጥቀስ። ብዙ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማሉ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ጿሚዎች አሉን። ሐኪሙ "አትጹሙ" ይላቸዋል፤ እነሱ "እሺ" ይላሉ፤ ቤታቸው ሄደው ይጾማሉ፤ መርፌውን እንደመሰላቸው ያደርጋሉ። ለረመዳን የሙስሊሙ ዓለም ሐኪሞች ከዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ጋር ሆነው በ2016 ጥሩ መመሪያ ጽፈዋል፤ ማን መጾም ይችላል፣ ማን አይችልም፣ መድኃኒቱ በየትኛው ሰዓት ይሁን የሚል። ይህ ለእኛም ሙስሊም ወገኖች ይጠቅማል። ለሁዳዴ ግን የሚጽፍልን ሌላ አይመጣም፤ እኛው ነን። ያንን የሚጽፍ ሰው ስኳሩንም ጾሙንም የሚያውቅ፣ ከካህናት ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገር መሆን አለበት።

እንዲህ ያለ ንግግር እንደሚቻል አይተናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን ነበሩ። መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል የመሰላቸው አቆሙት፤ ሰው ሞተ። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን በግልጽ ተናገሩ። የእሳቸው ቃል የደረሰበት ቦታ የእኛ ፖስተር አይደርስም ነበር።

ይህ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚለኝ ካለ ወደ ጎንደር ይመልከት። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን ጤና ጣቢያ ልኮ ነበር የሚያሠለጥነው። ጅማም በ1983 ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ አውጥቶ ያስተምራል። መንገዱን ይዘነው ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ቦታ የመስክ ልምምዱ ቅጽ መሙላት ሆኗል። ተማሪው ሽንት ቤት ቆጥሮ ይመለሳል፤ የቤቱ ሰዎች ስለ ሕመም ምን እንደሚያስቡ ሳይጠይቅ።

ገንዘብ የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የሄደውም አይመለስም ትላላችሁ፤ እውነት ነው፣ ብዙ ሰው አጥተናል። ግን የሚመልስ አካሄድ አለ። የቡታጅራው የጤና ጥናት በ1986 አካባቢ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጀመር፣ ተማሪው ኮርሱን እዚያ ይወስዳል፣ ጥናቱን እዚህ ይሠራል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ዶክትሬታቸውን እንዲህ ነው የሠሩት፤ የቡታጅራ ሰው የአእምሮ ሕመምን እንዴት እንደሚያየው በማጥናት ጭምር። ከ2003 በፊት ሳይካትሪስት ለመሆን አገር ለቆ መሄድ የግድ ነበር። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሥልጠናውን እዚህ ጀመረ፤ ተማሪው ሳይሆን መምህሩ ይመላለሳል። እነዚህ ሁለቱ አካሄዶች የባህልና የጤና ትምህርትን ለመሸከም የተመቹ ናቸው። አንድ ተማሪ አጭር ጊዜ ውጭ ይቆይ፣ ረጅሙን ጊዜ ሐመር ወይም ዋግ ኽምራ ይሥራ።

ደግሞ በየክረምቱ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደ እኛ ይልካሉ። ሆስፒታላችንን ያያሉ፣ ገበያችንን ያያሉ፣ ከእናቶቻችን ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ ክሬዲት ይቆጠርላቸዋል። በደስታ እንቀበላቸዋለን። የእኛ ተማሪ ግን ወደ እነሱ ዘንድ ለአራት ሳምንት ሊሄድ ሲጠይቅ ቪዛ ይከለከላል፤ የሚደግፈው ደብዳቤም ከየትም አያገኝም። የመግባቢያ ሰነዱን የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። አሥር ከላኩብን አምስት ይቀበሉን ብላችሁ ጻፉበት። የቪዛውን ደብዳቤ እነሱ እንዲጽፉ አስገድዱ። የእነሱ ሐኪሞች በእኛ መንደር የሚማሩትን ያህል የእኛም በእነሱ መንደር ይማሩ።

ከውጭ ስመለስ ያየሁትንና እዚህ ሊሞከር የሚችለውን ጽፌ ለአንድ ቢሮ አስገባሁ። ተቀበሉኝ፣ ማኅተም አደረጉበት፣ ፋይል ውስጥ ገባ። ማንም ጠርቶ አላናገረኝም። እንደ እኔ ያሉ ብዙ ናቸው፤ ባልደረቦቼን ስጠይቅ ሁሉም ይህንኑ ይሉኛል። ስለዚህ ትልቁ ልመናዬ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የሚመለስ ባለሙያ ሁሉ በተመለሰ በጥቂት ወር ውስጥ ተቀምጦ የሚያስረዳበት መድረክ ይኑር። አድማጮቹ የቢሮ ሰዎች ብቻ አይሁኑ። አዋላጆች ይኑሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይኑሩ፣ ካህናትና ሼሆች ይጋበዙ፣ የልምድ አዋላጆችም ይምጡ። አንድ ነገር መርጦ በአንድ ጤና ጣቢያ እንዲሞክር ፈቃድ ይሰጠው። ሬዚደንቶችም ቢያንስ አንድ ወር ከአስተርጓሚ ጋር ቋንቋውን በማያውቁት ወረዳ ይሥሩ። አስተርጓሚ ስል ደግሞ ሥራው በመደብ ይታወቅ፤ ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚያስተረጉመው የጽዳት ሠራተኛዋና በሽተኛዋ ይዛው የመጣችው ልጅ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማህፀን ሕመም ለሐኪም ሲያስረዳ አይቻለሁ። ይህን አቁሙልን።

የሚቀጥለው ዓመት የውጭ ትምህርት ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ከሚጠየቁት ማስረጃዎች ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፤ "አመልካቹ በሚሄድበት አገር የባህልና የጤናን ግንኙነት ምን እንደሚያጠና፣ ሲመለስም በየትኛው ወረዳ እንደሚሠራበት ይግለጽ" የሚል። ቅጹን በማዘጋጀት፣ የሚመለሱትንም በማሠልጠን እንድረዳ ከፈቀዳችሁልኝ ያለ ክፍያ እሠራለሁ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ መምህራንም ፈቃደኞች መሆናቸውን ነግረውኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የኅብረተሰብ ጤና መምህርት